አማቶቼ ጉጃራቶች ናቸው፤ ምን ላብላቸው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሕንዳዊ ነው። የምንኖረው ኒው ጀርሲ፣ ኤዲሰን ነው። ወላጆቹ ጉጃራት ከሚባለው የሕንድ ግዛት፣ ከራጅኮት ከተማ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አባቱ 72 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊመፒራይድ ይወስዳሉ። የመጨረሻው የኤዋንሲ (የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር) ውጤታቸው 8.4 ነው። እናቱ 68 ናቸው። ግፊት አለባቸው፤ ሰሞኑን ደግሞ እየከሱ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል አይነኩም። ሻይ በቀን አራት ጊዜ ነው፣ በስኳር። ሰላጣ ሳቀርብላቸው «ይሄማ የከብት መኖ ነው» ይሉኛል። ቡናማ ሩዝ ገዛሁ፣ ቅቤውንም ደበቅኩት። አማቴ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ባለቤቴ «ተያቸው፣ አርጅተዋል» ይላል። ምን ላድርግ? ጤፍ እንጀራ ባስለምዳቸውስ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከቅቤው እንጀምር። አውጪና ቦታው መልሺው።

ቀልዴን አይደለም። የሰው ጓዳ ገብቶ ዕቃ መሸሸግ እኛም ዘንድ ጠብ ያስነሳል። አማትሽ ራጅኮት ሳሉ የቤቱ አዛዥ ነበሩ። እዚህ መኪና አይነዱም። እንግሊዝኛው ያስቸግራቸዋል። ብርዱ ሲገባ ከቤት አይወጡም። የቀረቻቸው ግዛት ወጥ ቤቷ ብቻ ናት። እሷን ምራታቸው ስትወስድባቸው ሁለት ቀን ማኩረፋቸው ትንሽ ነው። ደግሞ ዋናው ችግር ቅቤው አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በሥራዬ የጉጃራት ቤተሰቦች በብዛት ይመጡልኛል። የሚጨነቁት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ናቸው። ይዘው የሚመጡት ዕቅድም ያው ነው፤ ኪንዋ፣ አጃ፣ የሰላጣ ቅጠል፣ አረንጓዴ ጭማቂ። ሰባ ዓመት ዳልና ሮትሊ የለመደ አፍ በአንድ ወር ኪንዋ አይለምድም። ደስ የሚለው ነገር፣ መልመድም የለበትም። የጉጃራት ወጥ ቤት የጎደለው ነገር የለም። ሽምብራው፣ ማሾው፣ ክኩ፣ እርጎው፣ አብሹ፣ ባሚያው ሁሉም አለ። የተዛባው ድርሻው ነው።

እስቲ ሳህናቸውን ልብ ብለሽ እዪው። የጉጃራት ምሳ አራት ነገር ነው፤ ዳል፣ ባት፣ ሮትሊ፣ ሻክ። ቀጭን የክክ ወጥ፣ ሩዝ፣ ስስ የስንዴ ቂጣና አትክልት ማለት ነው። ሲጠራ የተሟላ ይመስላል። ሳህኑ ላይ ግን ሮትሊው አራት አምስት ነው። ከዚያ ሩዝ ይከተላል። ሻኩ ብዙ ጊዜ ድንች አለበት። ዳሉ እንደ ሾርባ የቀጠነ ነው፤ ጎል የሚሉት የሸንኮራ አገዳ ስኳርም ይገባበታል። ከጎን ፓፓድ የሚሉት ስስ የክክ ዱቄት ጥብስና አታኑ የሚሉት የተዘፈዘፈ ማንጎ አለ። አባትየው አራት ዓይነት ምግብ የበሉ ይመስላቸዋል። ደማቸው ውስጥ የሚገባው ግን በአብዛኛው ስኳር ነው።

ይህ የእነሱ ቤት አመል ብቻ አይደለም። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የደገፈው ትልቅ አገር አቀፍ ጥናት በ2023 ሲወጣ፣ ሕንድ ውስጥ 101 ሚሊዮን ሰው ስኳር እንዳለበት ገምቷል። ሕንዳውያን ከምግብ ከሚያገኙት ጉልበት 62 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት ነው። ሃይደራባድ ያለው ብሔራዊ የሥነ ምግብ ተቋም በ2024 አዲስ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። ከእህል የሚገኘው ጉልበት ከ45 በመቶ አይብለጥ፣ የሳህኑ ግማሽ አትክልትና ፍራፍሬ ይሁን ይላል። ባለቤትሽ መመሪያውን አውርዶ ለአባቱ ያሳያቸው። የፈረንጅ ምክር ነው እንዳይሉ፣ የራሳቸው አገር ተቋም ነው።

«እኔ ወፍራም አይደለሁም፣ ምን አለብኝ» ካሉ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። ቺታራንጃን ያጅኒክ የሚባሉ የፑኔ ሐኪምና ጆን ዩድኪን የሚባሉ የለንደን ሐኪም በ2004 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ፎቷቸውን ጎን ለጎን አወጡ። የሁለቱም የክብደትና የቁመት ምጣኔ 22.3 ነው፤ አንድ ዓይነት። በእንግሊዛዊው ሰውነት ውስጥ ያለው ስብ 9.1 በመቶ ነበር። በሕንዳዊው 21.2 በመቶ። ቀጭን መስሎ ስብ መያዝ በደቡብ እስያ ሰዎች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ለዚህ ነው ለእነሱ የውፍረት መለኪያው ዝቅ የተደረገው። ምጣኔው ከ23 ጀምሮ ክብደት በዛ ይባላል። የወንድ ወገብ ከ90 ሳንቲሜትር፣ የሴት ከ80 ካለፈ ይጠነቀቁለታል። ሚዛኑን ተይውና የልብስ ሰፊ ሜትር ያዢ።

አሁን ከምንም በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። አባትየው ግሊመፒራይድ ይወስዳሉ ብለሻል። ይህ መድኃኒት ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳርን ያወርዳል። ነገ ተነስተሽ ሩዙን በግማሽ ብትቀንሺ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ስኳር ወርዶ መውደቅ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ከመቆየት የባሰ አደጋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለሐኪማቸው ደውሉ። «ምግቡን ልናስተካክል ነው፣ መድኃኒቱ ይታይልን» በሉ። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም ላብ ላብ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ከተደናገሩ፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመሽ ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጊ፤ አምቡላንስ ጥሪ።

እግረ መንገዴን፣ ኤዋንሲውን 6 ለማድረስ አትሩጪ። ሌላ ሕመም ላለበት አረጋዊ ብዙ ሐኪሞች ከ8 በታች ይበቃል ይላሉ። ጤነኛ ለሆነው 7 ወይም 7.5። ከ8.4 እዚያ ለመድረስ ያን ያህል ጦርነት አያስፈልግም።

ወደ ሻዩ እንምጣ። ብዙ ውጤት በትንሽ ድካም የሚገኘው እዚህ ነው።

የሕንድ ሻይ እንደኛ አይደለም። እኛ ስኳሩን ሲኒ ላይ እናደርጋለን፤ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ ይተዋል። የእነሱ ውሃው፣ ወተቱ፣ ቅጠሉ፣ ዝንጅብሉና ስኳሩ አንድ ላይ ይንተከተካል። ገንፍሎ ሊወጣ ሲል እሳቱ ይቀነሳል፣ እንደገና ይፈላል፣ ከዚያ በማጥለያ ይቀዳል። ስለዚህ አባትየው ልቀንስ ቢሉም አይችሉም። ድስቱ ለሁሉም አንድ ነው። በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ብንል፣ በቀን አራት ሲኒ ስምንት ማንኪያ ነው። 32 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። እሳቸው ምግቡ ሳይቆጠር በሻዩ ብቻ አልፈውታል።

መፍትሔው ስኳሩን ከድስቱ ማውጣት ነው። ሻዩ ያለ ስኳር ይፍላ። ስኳሩ ከነማንኪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሰሞን አባትየው ሁለት ማንኪያ ያድርጉ፤ ምንም አትበያቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ተኩል ይሁን። ከዚያ አንድ። ምላስ ቀስ እያለ ይለምዳል፤ በአንዴ ከተነጠቀ ግን ያምፃል። ዝንጅብሉንና ሄሉን ጨመር አድርጊ። ቅመም ሲበረታ የስኳሩ ጉድለት ብዙም አይታወቅም። አራት ሲኒውን ወደ ሁለት ማውረድ አሁን አያስፈልግም። ቤት ለሚውል ሰው የሻይ ሰዓት የቀኑ ወግ ነው።

ሻዩ ውስጥ የሚነከረውን ፓርሌ-ጂ ብስኩት ግን ልብ በይ። አንድ እሽግ ሳይታወቅ ያልቃል። በሱ ፈንታ የሽምብራ ቆሎ አቅርቢ። ኤዲሰን ኦክ ትሪ ሮድ ላይ ያሉት የሕንድ ሱቆች ሁሉ አላቸው። አባትየውም ከልጅነታቸው ያውቁታል። ጥርስ ከቸገራቸው ካክራ ይሻላል፤ ስስ የደረቀ ቂጣ ነው፣ ሻይ ውስጥ ይርሳል።

ጎሉን በተመለከተ ክርክር ይነሳል። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ለደም ጥሩ ነው» ይሉሻል። ስኳር ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው። ማርም፣ ቴምርም እንደዚያው። የጉጃራት ዳል ያለ ጎል ዳል አይደለም ካሉ ግማሹን ቀንሱና በኮኩም ወይም በሎሚ ጎምዘዝ ይበል። ኮኩም በነሱ ወጥ ቤት የታወቀ ጎምዛዛ የደረቀ ፍሬ ነው።

ለምሳው ደንቡ አንድ ይሁን፤ ወይ ሮትሊ ወይ ሩዝ፣ ሁለቱ አብረው አይቅረቡ። ምሳ ላይ ሮትሊ ሁለት። ማታ ኪችዲ። ኪችዲ ሩዝና ማሾ አብሮ የተቀቀለ ለስላሳ ምግብ ነው፤ ለጥርስም ለሆድም ይመቻል። አብዛኛው ቤት ሁለት እጅ ሩዝ በአንድ እጅ ማሾ ይሠራዋል። እኩል በእኩል አድርጉት። ሲለመድ ማሾው ይብለጥ። ስሙ ያው ኪችዲ ነው፣ መልኩም ያው ነው፤ ማንም ተነጠቅኩ አይልም። ቡናማው ሩዝ እንኳን ጠንካራ ነው፤ ለአረጋዊ ጥርስ አይመችም። ለራስሽ ብዪው።

ዳሉን አወፍሩት። ሮትሊ ሳይነካ መጀመሪያ ዳሉና ሻኩ ይበላ። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ ሲገባ ከምግብ በኋላ ስኳር የሚወጣው ረጋ ብሎ ነው። ድንችን ከሻክ ቁጠሪው አልልሽም፤ ከሩዝ ጋር ቁጠሪው። ባሚያ፣ ደበርጃን፣ የአብሽ ቅጠል፣ ስፒናች፣ ዱዲ የሚሉት ረዥሙ ቅል፣ ትንሽ ኪያር የሚመስለው ቲንዶራ... ከእነዚህ የጉጃራት ሴት የማትሠራው የለም።

የከብት መኖውን ነገር እዚህ ላይ እንፍታው። ጥሬ ትልልቅ ቅጠል በቀዝቃዛ ሶስ ለነሱ ምግብ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሐበሻ አረጋዊም አይደለም። ግን ካቹምበር ይወዳሉ። ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ኪያር፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው፤ ሎሚና የተቆላ ከሙን ይነሰነስበታል። ሳምባሮም አለ። ጥቅል ጎመንና ካሮት ሰናፍጭ ፍሬ በተንጣጣበት ትንሽ ዘይት፣ ከአረንጓዴ ቃሪያ ጋር ለሁለት ደቂቃ ይገላበጣል። ሞቅ ያለ ነው፣ ይለሰልሳል። የሳህኑ ግማሽ የሚሞላው በዚህ ነው።

እናትየው የራጅኮት ሰው ናቸው ብለሻል፤ ሳውራሽትራ የሚባለው የጉጃራት ክፍል ማለት ነው። የዚያ አገር ገበሬ የኖረው በባጅራ ሮትሎ ነው። ባጅራ ጥቃቅን ፍሬ ያለው የማሽላ ዘመድ ነው። ሮትሎው ወፈር ያለ ቂጣ ሲሆን ከተጠበሰ ደበርጃን፣ ከነጭ ሽንኩርት ቹትኒና ከአሬራ ጋር ይበላል። ስንዴውና ነጩ ሩዝ እንዲህ የበዛው በኋላ ነው። አማትሽን «እናትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱ ከማንኛውም የአመጋገብ ወረቀት የተሻለ ይሆናል፤ እሳቸውም አስተማሪ ይሆናሉ። የተባበሩት መንግሥታት 2023ን የዘንጋዳና የዳጉሳ ዓይነት እህሎች ዓመት ያለው በሕንድ ሐሳብ አቅራቢነት ነው፤ አባትየው ዜና የሚከታተሉ ከሆነ ያስታውሱት ይሆናል። የእኛ ዳጉሳም ዱሮ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነስቶ ሕንድ ገብቷል፤ እዚያ ራጊ ይሉታል። በ100 ግራም 340 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ለአጥንት አይናቅም። ግን ባጅራም ዳጉሳም ጤና ነው ተብሎ አራት አይበላም። አንድ ሮትሎ ይበቃል።

አሁን ስለ አማትሽ። ሁሉም ሰው ስለ አባትየው ስኳር ያወራል። እኔን ያሳሰበኝ የእናትየው መክሳት ነው።

በ68 ዓመት ሳይፈልጉት መክሳት ጥሩ ዜና አይደለም። በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም ማየት አለበት። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ሦስት ኪሎ ማለት ነው። ታይሮይድ፣ ጥርስ፣ ጨጓራ፣ ድብርት፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ተመልከቺልኝ። እሳቸው የሚበሉት መቼ ነው? ብዙ ሕንዳዊ ቤት ውስጥ ሴቷ ሮትሊውን ከምጣድ ላይ ትኩስ ትኩሱን እያወጣች ለሁሉም ታቀርብና መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትበላለች። የደረሳት ሮትሊና የዳሉ ቅሪት ነው። ይህን አገራችንም እናውቀዋለን። ሮትሊውን አንቺ ወይም ባለቤትሽ ጋግሩና እሳቸው መጀመሪያ ይቀመጡ። መጀመሪያ እሺ አይሉም። ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ካስቀመጣቸው ግን ይቀመጣሉ።

ለአረጋዊ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። የኩላሊት ችግር ካለ ይለያል፤ ሐኪም ይወስን። እናትየው 55 ኪሎ ገደማ ከሆኑ ከ55 እስከ 65 ግራም እንበል። አንድ ትንሽ ሳህን ቀጭን ዳል አምስት ግራም ቢሰጥ ነው። ስለዚህ «ዳል እንበላለን እኮ» የሚለው አያስኬድም። ጡንቻ ሲያልቅ ሰው ከወንበር መነሳት ያቅተዋል፣ ይወድቃል፣ ዳሌ ይሰበራል። ጉዳዩ የውበት አይደለም።

እንዴት ይሞላል? ጠዋት ፑድላ ይሥሩ። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ የአብሽ ቅጠልና ዝንጅብል ገብቶበት እንደ ስስ ቂጣ ይጋገራል። 50 ግራም ዱቄት 11 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ከጎኑ አንድ ኩባያ እርጎ፣ ሌላ ስምንት ግራም። ምሳ ላይ የወፈረ ዳልና 50 ግራም ፓኒር ሻኩ ውስጥ፤ ፓኒር እንደ እኛ አይብ ነው፣ ግን የተጨመቀና የሚቆረጥ። መክሰስ ላይ ጭብጥ ኦቾሎኒ፣ ጥርስ ካልፈቀደ ተፈጭቶ። ማታ ማሾው የበዛበት ኪችዲ ከአንድ ኩባያ ወተት ጋር። ደረቅ የአኩሪ አተር ቁርጥራጭ ደግሞ በጣም ርካሽ ነው። 25 ግራም ደረቁ ብቻ 13 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ቅልጥም የለመደ ሰው ይስቅበት ይሆናል፤ ለነሱ ግን ከሻክ ጋር ሲሠራ ይጥማል። ለሮትሊው ሊጥም ሁለት ሦስት ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጨምሩ። ማንም አያውቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሳትዘነጊ ለሐኪም አንሺ። ቫይታሚን ቢ12። ይህ ቫይታሚን ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው በቂ ሆኖ የሚገኘው። አማቶችሽ ሥጋም እንቁላልም አይበሉም፤ የሚያገኙት ከወተትና ከእርጎ ብቻ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጨጓራ በደንብ አይቀበለውም። በዚህ ላይ ሜትፎርሚን ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ይቀንሰዋል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ እንክብል ካለበት ይብሳል። አባትየው ላይ ሁሉም ሊገጣጠም ይችላል። እጥረቱ እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ ያስረሳል፣ ያደክማል። ሰው «ስኳሩ ነው» ወይም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የደም ምርመራው ቀላል ነው፤ መድኃኒቱም እንክብል ወይም መርፌ ነው። ባለቤትሽ «አርጅተዋል» ሲል ምናልባት የሚያወራው ስለዚህ ነው። የሁለቱም ይታይ። ቫይታሚን ዲም አብሮ ይጠየቅ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ የኒው ጀርሲ ክረምትና ቤት መዋል አንድ ላይ ሲመጡ ዝቅ ይላል።

ለእናትየው ግፊት ጨውን ተመልከቺ። ወጡ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከጎን የሚቀርበውንም። ፓፓድ፣ አታኑ፣ ከሽምብራ ዱቄት የሚጠበሱት ጋቲያና ሴቭ። ፓፓድ በእሳት ብቻ ቢጠበስ ዘይቱ ይቀራል፣ ጨዉ ግን አይቀርም። በቀን ጠቅላላው ጨው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ አይሞላም። ስምምነት ፍጠሩ፤ ወይ ፓፓድ ወይ አታኑ። አሬራው ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር ጨውም ጨው ነው። የተቆላ ከሙን ይተካዋል። ገበያ ላይ ያለውን በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አትግዢ። ሊሲኖፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚባሉትን የግፊት መድኃኒቶች ለሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቅቤው። በሮትሊ ላይ የሚቀባው አንድ የሻይ ማንኪያ ጊ፣ ማለትም የነጠረ ቅቤ፣ ሰው አይገድልም። በአንድ ማዕድ አንድ ማንኪያ፣ ተለክቶ። የሚበዛው ዘይቱ ነው። ሕንድ ውስጥ የሚሰጥ ጥሩ ምክር አለ፤ ለአንድ ሰው በወር ግማሽ ሊትር ዘይት። አራት ከሆናችሁ ሁለት ሊትር ነው። የወሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሊትሩን ለብቻ አስቀምጡና መቼ እንደሚያልቅ እዩ። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በ2025 ሕዝቡ የምግብ ዘይት በ10 በመቶ እንዲቀንስ ለምነው ነበር። ለአባትየው ከኔ ይልቅ የሳቸው ስም ይሠራል። ቫናስፓቲ የሚባለው የረጋ ዘይት ካለ ግን ይጣል፤ በሱ ላይ አልደራደርም።

ጾም ላይ እንዳትነኪያቸው። በየወሩ ሁለቴ ኤካዳሺ ይጾሙ ይሆናል። የእነሱ ጾም የኛ ተቃራኒ ነው፤ ወተት ይፈቀዳል፣ እህልና ጥራጥሬ አይፈቀድም። ችግሩ የጾም ምግብ ሆኖ የሚቀርበው ሳቡዳና ነው። ከካሳቫ የሚሠራ ነጭ ድቡልቡል ፍሬ መሳይ ነገር፣ በድንች የታጀበ፤ ንጹሕ ስታርች። በሱ ፈንታ ሞራዮ የሚሉት፣ በጾም ቀን የሚፈቀድ ጥቃቅን ፍሬ በእርጎና በኦቾሎኒ ይሠራ፣ መጠኑም ትንሽ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን የጾም ቀን ግሊመፒራይዱ እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙ አስቀድሞ ይንገራቸው። ዲዋሊ ለሚሉት የብርሃን በዓላቸው ጣፋጭም አትጣዪ። ፕራሳድ የሚሉት የቤተ መቅደስ የተባረከ ምግብ በጣት ጫፍ ይቀመሳል፤ እምቢ አይባልም።

ከምግብ በኋላ መራመድ አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምናም ያለ ልማድ ነው፤ መቶ እርምጃ ይላሉ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ አድርጉት። ሲበርድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ።

አሁን ማን ይናገር? አንቺ አይደለሽም። ይህ ሁሉ ከምራት አፍ ከወጣ ትዕዛዝ ይሆናል። ልጃቸው ይናገር፣ ወይም ሐኪም። ኤዲሰን አካባቢ ጉጃራቲ የሚናገር ሐኪም አይጠፋም። «ሁለት ሮትሊ፣ ዳል ወፍራም» ብሎ በራሳቸው ቋንቋ ወረቀት ላይ ከጻፈላቸው አማትሽ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉታል። የአንቺ ድርሻ ገበያው ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ ካላቸው ስኳር ላለበት ሰው የሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር ይሸፍናል፤ ግን ግሪን ካርድ ይዘው በቅርቡ ለመጡ አረጋውያን ብዙ ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለ። እስከዚያ ያላቸውን ኢንሹራንስ ጠይቁ።

ወደ እንጀራው። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ብረትም አለው። ግን እንጀራም እንደ ሮትሊው ያው ዱቄት ነው። አራት ሮትሊ ቀንሰሽ ሁለት እንጀራ ብትዘረጊላቸው ስኳሩ ልዩነቱን አያውቅም። ይልቅ የሚጠቅማቸው እላዩ ላይ ያለው ነው። ሽሮሽ፣ ምስርሽ፣ ጎመንሽ፣ ክክ አልጫሽ የጾም ናቸው፤ እነሱም ይበሉታል። ክክ አልጫ እርድ ስላለበት መጀመሪያ እሱን አቅርቢ፤ ከነሱ ዳል ብዙ አይርቅም። ዘይቱን ቀነስ አድርጊ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በአንዳንድ ቀን የማይበሉ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳሽ፤ ዶሮ ወጥ በሠራሽበት ድስት አትሥሪላቸው። ታጥቧል ብትዪም አይዋጥላቸውም። ለነሱ አዲስ ድስትና ማማሰያ ግዢ፣ ሲገዛም አማትሽ ይምረጡት።